ክሯ የመሰከረችበት ድንጋይ

ስሟ የተረሳ፣ ልማዷ ግን እስካሁን የሚወራ አንዲት አገር ነበረች።

አገሪቱ በሰባት ገደል የተከፋፈለች ናት። በአንዱ አፋፍ ቆሞ በማዶው አፋፍ የሚጨስ ጎጆ ማየት፣ የጎጆውን በር እንኳ መለየት ይቻላል። እዚያ ለመድረስ ግን ሁለት ቀን ሙሉ መውረድና መውጣት፣ በመካከሉም በገመድ ድልድይ ላይ እየተወዛወዙ መሻገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰዎቿ በጩኸት ይነጋገሩ ነበር። ሠርግ የደገሰ ሰው አፋፉ ላይ ቆሞ ይጣራል፤ የማዶው ሰው ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን ከራሱ ይሞላል፣ ለብሶ ይነሳል። ለሠርግ ተጠርቶ የለቅሶ ልብስ ለብሶ የመጣ እንግዳ በዚያች አገር አያስገርምም። ቦታ ይለቀቅለታል፣ ይበላል፣ ትንሽ አልቅሶ ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመው ግን የፍርድ ልማዷ ነው። በዋናው ከተማ፣ በችሎቱ አዳራሽ መካከል፣ ፊቱ ክፍት በሆነ ሣጥን ውስጥ ከፀጉር የቀጠነች አንዲት የመዳብ ክር ከላይ እስከ ታች ተወጥራ ትኖራለች። ስሟ ዳኛ ክር ነው። ባለጉዳይ ሁሉ ፊቷ ቆሞ ይናገራል። ክሯ ጸጥ ካለች ሰውየው እውነተኛ ነው፤ ከተንቀጠቀጠች ሐሰተኛ ነው። በሕጉ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ክሯን ያንቀጠቀጠ ነገር ክፉ ነው» ተብሎ ተጽፏል። መጽሐፉ ሁለተኛ ገጽ የለውም።

በዚህች ክር ዙሪያ ብዙ ሹማምንት ይኖሩ ነበር። የሁሉም የበላይ የሆኑት ሊቀ ክር ዘርጋው ወለሉን እንዳያናውጡ ከሱፍ የተሠራ ጫማ ይጫማሉ። የዝንብ ከልካይ የሚባል ባለማዕረግ አለ፤ ማዕረጉ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የሳል ፈቃድ ሹምም አለ። ሳል የመጣበት ታዳሚ ጣቱን ያነሳል፣ ሹሙ ከበላዮቹ ጋር ይመካከራል፣ ከተፈቀደ ሰውየው ወደ ደጅ ይወጣና ይስላል። አብዛኛው ሰው ግን ፈቃዱ እስኪደርስ ሳሉ ለቆት ይሄዳል። ጸሐፊው ደግሞ በሠላሳ ዓመት አገልግሎቱ «ተንቀጠቀጠች» እና «አልተንቀጠቀጠችም» ከሚሉት በቀር ሌላ ቃል ጽፎ አያውቅም። እነዚያን ግን እጅግ በሚያምር እጅ ጽሑፍ ይጽፋቸዋል።

ክሯን የምትወጥራት ማዘንጊያ የምትባል ሴት ነበረች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ሰው ፊት ስትናገር እጇን የት እንደምታስቀምጠው ይጠፋታል፤ ስለዚህም ከሰው ጋር ከመዋል ከክሯ ጋር መዋል ይሻላታል። በየጠዋቱ ክሯን በላባ ትጠርጋለች፣ በጥፍሯ ነካ አድርጋ ድምጿን ታዳምጣለች፣ ከላላች ማጥበቂያዋን በትንሹ ታዞራለች። ሙያውን ያስተማራት አባቷ ቢሻው ነው። ቢሻው በመጀመሪያው ገደል ማዶ የሚኖር ገመድ ገማጅ ነበር። የገደሉን ድልድይ በገዛ እጁ ገምዶ ዘርግቶታል፤ አሁን ግን ጉልበቱ ከድቶት ራሱ በሠራው ድልድይ መሻገር አይችልም። ማዘንጊያም ክሯን ጥላ ከከተማ እንዳትወጣ ሕግ ያስራታል። በሁለቱ መካከል የሁለት ቀን መንገድ ተዘርግቶ ቀረ።

ማዘንጊያ ስለ ክሯ አንድ ነገር ታውቅ ነበር። ድምፃቸው ጎርናና የሆኑ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይፈረድባቸዋል፤ ሹክ እያሉ ለሚናገሩ ግን ይፈረድላቸዋል። የታወቁት የአገሩ ውሸታሞች ሁሉ ድምፃቸው እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነበር። ይህን የምትናገርበት ጥሩ ቀን ግን አላገኘችም።

ታዲያ ከጥቂት ዓመታት በፊት ድንጋይ ጠራቢዎች በአንዱ ገደል ሥር ግራጫ ድንጋይ አገኙ። ድንጋዩ ለሁለት ሲከፈል፣ በአንዱ ግማሽ የተናገሩት በሌላው ግማሽ ይሰማል፤ ገደል ቢኖር ተራራ ቢኖር ግድ የለውም። ድምፅ ሊያመጣ ሲል ትንሽ ይሞቅና እም ይላል፤ ከዚያ ሰው ጆሮው ላይ ይለጥፈዋል። አድራሽ አሉት። ሰው ሁሉ ያዘው። ድንጋይ ጠራቢዎቹ አንድን ቁራጭ ከብዙ ቁርጥራጮች ጋር ማገናኘትም ተማሩ፤ የጠራቢዎቹ አለቃ ፈንታም ወፍራም ሰው ሆነ። አፋፍ ላይ ቆሞ የሚጮኽ ጠፋ። ሠርግ ላይ ማልቀስም ቀረ፤ ይህን የሚናፍቁ ሽማግሌዎች አልጠፉም።

ማዘንጊያና ቢሻው በየጠዋቱ ይነጋገራሉ። ቁርስ በልታ እንደሆነ ይጠይቃታል፤ በልቻለሁ ስትለው ምን እንደበላች ይጠይቃታል፤ ስትነግረው ያ ቁርስ እንዳልሆነ ያስረዳታል። እሷም ጉልበቱን በቅባት አሽቶ እንደሆነ ትጠይቀዋለች። አሽቻለሁ ይላል። እየዋሸ እንደሆነ ለማወቅ ክር አያስፈልጋትም።

አንድ ቀን ችሎት ላይ አንዷለም የሚባል ሸክላ ሠሪ ቀረበ። ከጎረቤቱ ጉድጓድ ሸክላ አፈር ወስዷል ተብሎ ነው የተከሰሰው። ድምፁ ለስላሳ ስለሆነ አልወሰድኩም እያለ ሲናገር ክሯ ጸጥ ብላ ነበር። በዚያች ቅጽበት ማዘንጊያ እጅጌዋ ውስጥ የረሳችው አድራሽ እም አለ። ቢሻው በዚያ ሰዓት ጠርቷት አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን የእንጨት ጭልፋው ጠፍቶበት፣ ከሁለት ቀን መንገድ ማዶ ያለች ልጁ የት እንዳለ ታውቅ እንደሆነ ሊጠይቃት ነው። ክሯ ተንቀጠቀጠች። ጸሐፊው በሚያምር ጽሑፉ ጻፈው። አንዷለም ለአርባ ቀን ከማንም ጋር እንዳይነጋገር ተፈረደበት።

ማዘንጊያ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። በማግስቱ ገና አዳራሹ ሳይከፈት ድንጋዩን ወደ ክሯ አስጠግታ አባቷን አናገረችው፤ ክሯ ተንቀጠቀጠች። አሥር እርምጃ ራቀች፤ ተንቀጠቀጠች። ስልሳ እርምጃ ላይ ስትደርስ ክሯ ዝም አለች። ከዚያ ሊቀ ክር ዘርጋው ዘንድ ገብታ፣ እጇን የት እንደምታደርገው እየጠፋት፣ ሁሉንም ተናዘዘች።

ሊቀ ክር ክፉ ሰው አልነበሩም። አንዷለምን አስጠርተው ጥፋቱ የድንጋዩ ስለሆነ ነፃ መሆኑን ነገሩት። አንዷለም ግን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆየና፣ ነፃ መባሉን እንደሚያመሰግን፣ ነገር ግን አንድ ቅርጫት አፈር በእርግጥ እንደወሰደ ተናገረ። የአንድ ቀን ዝምታ ሕሊናውን ሲያነጋግረው አድሮ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማዘንጊያ ክሯ የተንቀጠቀጠችው በአባቷ ጭልፋ ምክንያት እንጂ በአፈሩ አይደለም ብላ ብታስረዳም ማን ይስማት። ሊቀ ክር ሦስት ቀን አሰቡ። በሦስተኛው ቀን ሹማምንቱን ሰብስበው እንዲህ አሉ፤

«ክሯ እንደማትሳሳት ሸክላ ሠሪው ራሱ መስክሯል። ይህችው የማትሳሳት ክር አድራሹ ሲጠጋት ትንቀጠቀጣለች። እሷ መዳብ ናት፤ ሰው ደግሞ ሥጋ ነው። መዳብን እንዲህ ያንቀጠቀጠ ነገር ጆሮ ላይ ተለጥፎ ሲውል አንጎልን ምን ያደርገው ይሆን?»

ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አልነበረም። ማዘንጊያንም ያስፈራት ይኸው ነው። አባቷ ከሰው ሁሉ ይበልጥ ድንጋዩን የሚይዝ ሰው ነው። ያን ዕለት ቤቷ ገብታ ድንጋዩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ራቅ ብላ ተቀምጣ ስታየው ዋለች።

ወሬው በአንድ ቀን ሰባቱንም ገደል አዳረሰ። ራሱን ያመመው ሁሉ የታመመበትን ምክንያት አገኘ። አንዲት ሴትዮ ፍየሏ የጨነገፈችው በጎረቤቷ አድራሽ እንደሆነ ተናገረች። አንድ ሰው ሚስቱን መስማት ያቆመው ድንጋዩ ጆሮውን ስለጎዳው ነው አለ፤ ሚስቱ ግን ድንጋዩ ሳይመጣም አይሰማኝም ነበር ብላ አሳፈረችው። ሰዎች ድንጋያቸውን አመድ የሞላ እንስራ ውስጥ ቀበሩት፤ የመቅበሩን ጥቅም ለዘመድ ለመንገር ደግሞ እያወጡ ተነጋገሩበት። ሊቀ ክር ለድንጋዩ የችሎት ቀን ቆረጡለት። ከተፈረደበት፣ በአገሩ ያለ አድራሽ ሁሉ ተሰብስቦ ገደል ይወረወራል።

ችሎቱ ሁለት ቀን ሲቀረው የጠራቢዎቹ አለቃ ፈንታ ማዘንጊያን ፍለጋ መጣ። የመጣው ሊያስፈራራት አይደለም። ስለ አባቷ ጤና ጠየቃት፤ የቢሻውን ድልድይ አመሰገነ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አንድ ክር ወጣሪ ማጥበቂያዋን እሩብ ዙር ወደኋላ ብትመልሳት ማን ያውቃል አላት። ክር ትንሽ ስትላላ ለድንጋይ አትንቀጠቀጥም። ካልተንቀጠቀጠች ድንጋዩ ንጹሕ ነው። ድንጋዩ ንጹሕ ከሆነ ቢሻውም ድምፅሽን ይሰማል።

ማዘንጊያ እንደማትችል ነግራ ልትሸኘው ይገባ ነበር፤ ግን አፏ እምቢ አላት፤ ምክንያቱም እንደምትችል ታውቃለች። እሩብ ዙር ነው። በጠዋት፣ ማንም በሌለበት፣ በሁለት ጣቷ።

በማግስቱ ከአባቷ ጋር ስትነጋገር ድምፅዋ ደስ አላለውም።

«ምን ሆነሻል፣ ማዘንጊያዬ?»

«ምንም። ጆሮህን ያምሃል?»

«የትኛውን?»

«የምታወራበትን።»

«ይሞቀኛል። አንቺ ስትቆጪኝ ይብስበታል።»

ሳቀች። ከዚያ የፈንታን ነገር ነገረችው።

«ድልድዩን የዘረጋሁ ጊዜ ገመዱን አጥብቄ ወጥሬው ነበር» አላት። «ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ያፏጫል። ሰዉ ጋኔን ሰፍሮበታል ብሎ መሻገር ተወ። ትንሽ አላላሁት፤ ፉጨቱ ቆመ፤ ጋኔኑ ወጣ ተብሎ ተደገሰልኝ። ነፋሱ ግን ያው ነፋስ ነው። የተሻጋሪውም ቆብ ያው በየቀኑ ይወሰዳል።»

«እና ምን ላድርግ ነው የምትለኝ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ገመድ ገማጅ ነኝ።» ቀጥሎም፣ «ከፈረዱበት እዚህም መጥተው ይወስዱታል አይደል?» አለ።

«ይወስዱታል፣ አባዬ።»

«ይሁን። የድሮውን ያህል መጮኽ ግን የምችል አይመስለኝም።»

ማዘንጊያ ያን ጠዋት ክሯን ስትጠርግ እጇ ማጥበቂያዋ ላይ ቆየ። ብታላላት አባቷን ታተርፋለች፤ ግን ድንጋዩ በእርግጥ ክፉ ከሆነ አባቷን የምትጎዳው ራሷ ናት። ባታላላት አባቷ ብቻውን ይቀራል፤ ግን ድንጋዩ ክፉ ካልሆነ ያን ሁሉ ብቸኝነት የሚሸከመው በከንቱ ነው። ክሯ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ታውቃለች? እዚህ ላይ የአባቷ ነፋስ ትዝ አላት። ፉጨቱ የሚናገረው ስለ ገመዱ አወጣጠር ነበር። ስለ ሰውየው ቆብ ምንም አይልም። እጇን አነሳች፤ ክሯን እንደ ወትሮዋ አጥብቃ ወጠረቻት።

በችሎቱ ቀን አድራሹ በትራስ ላይ ተቀምጦ ቀረበ። ጠበቃ ተሰጠው። ሊቀ ክር በሱፍ ጫማቸው ተጠግተው፣ ተከሳሹ የሚለው ነገር ካለ እንዲናገር በትሕትና ጠየቁት። ድንጋዩ እም አለ፤ ከዚያም የአንዲት ሴት ድምፅ ወጣና ድንቹን ከእሳት ላይ እንዲያወርዱት አዘዘ። ክሯ ተንቀጠቀጠች። ጸሐፊው የሚያውቃትን ቃል ጻፈ። ስለ ድንቹ ምን እንደሚጽፍ ግን ስላላወቀ ላብ አጠመቀው።

ፍርዱ ሊነበብ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። እንደ ልማዱ ክር ወጣሪዋ ቆማ «ክሯ በደንብ ተወጥራለች፤ የተጠየቀችውንም መስክራለች» ብላ መማል አለባት። ያለ እሷ መሐላ ፍርድ አይጸናም። ማዘንጊያ ተነሳች። ፈንታ ከወዲያ ሆኖ አፍጥጦ ያያታል፤ ክሯ አለመላላቷ ገብቶታል።

«ክሯ በደንብ ተወጥራለች» አለች። የቀረውን ሳትለው ቆመች።

«ጨርሺው እንጂ» አሉ ሊቀ ክር።

«የተጠየቀችውን ግን አታውቀውም፣ ጌታዬ።»

ማዘንጊያ ይህን ጊዜ ሌሎች ምስክሮች በክሯ ፊት እንዲቀርቡ ለመነች፤ ሕጉ ሁለተኛ ገጽ ስለሌለው የሚከለክላት አልተገኘም። መጀመሪያ በሳህን የተከደነ ነገር አምጥታ በሣጥኑ አጠገብ አኖረች። ክሯ ጸጥ እንዳለች ቆየች። ስትከፍተው ባለፈው ክረምት በሦስተኛው ገደል አንድ ቤተሰብ የጨረሰው ነጭ እንጉዳይ ነበር። የዝንብ ከልካዩ ዝንቦቹን ሳይቀር ወደኋላ አራቃቸው። ቀጥሎ ከታችኛው ኩሬ የተቀዳ ውኃ በገንቦ አቀረበች፤ ጠጥቶት ያልታመመ ሰው እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ክሯ ንቅንቅ አላለችም።

ሦስተኛውን ምስክር ለማቅረብ ማዘንጊያ ብዙ ጊዜ ወሰደች። እጆቿን ከኋላዋ አጣመረች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከዚያም ያ ሁሉ ሹም እየሰማት እሹሩሩ ማለት ጀመረች። ድምፅዋ መጀመሪያ ተሰባበረ፤ በኋላ ተስተካከለ። ክሯ ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጠች፣ በአንዷለምም በአድራሹም ችሎት ከተንቀጠቀጠችው ይበልጥ። ጸሐፊው ሳይታዘዝ ጻፈ።

«አባቴ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ አስተኝቶኛል» አለች ማዘንጊያ ዓይኗን ገልጣ። «ይኸው አለሁ።»

ፈንታ ከመቀመጫው ተነሳ። እንግዲህ ድንጋዩ ንጹሕ መሆኑ ተረጋገጠ፣ ይህን በየገደሉ ለማስነገር ፈቃድ ይሰጠኝ እያለ ቀጠለ።

«እኔ ንጹሕ ነው አላልኩም» አለችው።

«ክፉ አይደለም አላልሽም?»

«አላልኩም። ክሯ የተሠራችው እንድትንቀጠቀጥ ነው። ቀጭን ናት፣ እርቃኗን ናት፣ በየጠዋቱ እኔ ነኝ የምወጥራት። ሰው እንዲያ አልተሠራም። ስለዚህ የእሷ መንቀጥቀጥ ሰው ተጎድቷል አያሰኝም። ዝም ማለቷም ሰው አልተጎዳም አያሰኝም፤ እንጉዳዩን አይታችኋል። እሷ የምታውቀው ክር የሚያንቀጠቅጠውን ብቻ ነው።»

ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግራ አታውቅም ነበር። የሳል ፈቃድ ሹሙ ደንግጦ ያለ ፈቃድ ሳለ።

ሊቀ ክር ዘርጋው ከወንበራቸው ወርደው አጠገቧ መጡ። ልባቸው ደካማ ስለነበር ሐኪም ደረታቸው ላይ ትርታቸውን የምትጠብቅ ትንሽ ክር አስሮላቸዋል፤ በልብሳቸው ላይ እጃቸውን ጫን አድርገው ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የኔዋስ?»

«የእርስዎ ክር ናት፣ ጌታዬ፤ እሷ ልትረበሽ ትችላለች። ድንጋዩን ከደረትዎ አርቀው፣ በቀኝ ጆሮዎ ይያዙት። ሐኪሙንም ይጠይቁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው፣ ክር የማታውቀውን ታዲያ ማን ይጠየቃል አሉ። ማዘንጊያ ሰው ራሱ ይጠየቅ አለች። ድንጋዩን ብዙ የሚይዙና ጥቂት የሚይዙ፣ በዕድሜ የተቀራረቡ፣ ብዙ ሰዎች ይመረጡ፤ በየዓመቱ ይጠየቁ፣ ይታዩ፤ ከሁለቱ ወገን የትኛው ይበልጥ እንደታመመ ያኔ ይታወቃል። እስከዚያው ድንጋዩ ወደ ክር አይጠጋ፤ ብዙ የሚያወራ ሰው ደግሞ ከጆሮው ራቅ ቢያደርገው አይከፋም። ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ተጠየቀች። ሃያ ሳይሆን አይቀርም አለች። ከሹማምንቱ አንዱ ሳቀ፤ በዚያች አገር ከሦስት ዓመት በላይ የሚፈጅ ሥራ ተጀምሮ አያውቅም ነበር።

ሊቀ ክር ግን አልሳቁም። ፍርዱ ለሃያ ዓመት እንዲቆይ፣ አድራሽ በባለቤቱ እጅ እንዲቀር፣ ከአዳራሹም ስልሳ እርምጃ እንዲርቅ አዘዙ። ማዘንጊያን በተመለከተ፣ ክሯ አታውቅም ያለች ሴት ክሯን ልትወጥር አይገባትም ብለው ከሥራዋ አወረዷት። ያቺው ሴት አላውቅም ብላ ለመናገር ስለደፈረች ደግሞ የጠያቂዎች አለቃ ብለው ሾሟት። በሥሯ አንድም ጠያቂ አልነበረም። ዳኛ ክር ከዚያ በኋላም መፍረዷን ቀጠለች፤ ስለ እሷ ጥያቄ ለማንሳት ግን ሊቀ ክር የዚያን ቀን አቅማቸውን ጨርሰው ነበር። ፈንታና ሹማምንቱ ሁለቱም ቅር ብሏቸው ወደየቤታቸው ገቡ።

ማዘንጊያ አዲስ መዝገብ በአንገቷ አንጠልጥላ መንገድ ጀመረች። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ድልድዩን ተሻግራ፣ አቀበቱን ወጥታ፣ አባቷን ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘችው። ካየችው ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ቢሻው ቀና ብሎ አያት። መነሳት ስላልቻለ ሁለቱንም እጁን ብቻ ዘረጋ፤ ጎንበስ ብላ ስትስመው ፊቷን በጣቶቹ ደባበሰና ከስታለች ብሎ ተቆጣ። ሹመቷን ነገረችው። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጣ መዝገቡን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«ስም?»

«ስሜን አታውቂውም?»

«ሥርዓቱ ነው፣ አባዬ።»

«ቢሻው።»

«ዕድሜ?»

«ሰባ ስምንት። ስምንቷን ከፈለግሽ ተያት።»

«ራስህን ያምሃል?»

«እስካሁን አላመመኝም። ጥያቄው ብዙ ነው?»

«ድንጋዩን በቀን ስንት ሰዓት ትይዘዋለህ?»

ቢሻው በማዶው አፋፍ ያለውን ጭስ እያየ ቆየ።

«ስናወራ ብቻ ነው የሚቆጠረው» አላት፣ «ወይስ እስክትጠሪኝ ስጠብቅ የምይዘውም ይቆጠራል?»

ማዘንጊያ ብዕሯን አንስታ ሁሉም ይቆጠራል አለችው። ቁጥሩን ሲነግራት ጎንበስ ብላ ጻፈች፤ ለመጻፍ ከሚያስፈልገው በላይ ጎንብሳ ቆየች።

«ሃያ ዓመት ነው ያልሽው?» አለ በመጨረሻ።

«ሃያ። በየዓመቱ መጥቼ እጠይቅሃለሁ።»

«በድንጋዩ አትጠይቂኝም?»

«አይፈቀድም። በአካል ነው።»

ቢሻው በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ። አሥሩ ጣት አልበቃ ሲለው ከሷ እጅ ጣቶች ተበድሮ ቀጠለ። ዘጠና ስምንት ላይ ሲደርስ እጇን ሳይለቅ ቆመና አሰበበት።

«እሺ» አለ። «ግን ስትመጪ በጥቅምት ነው የምትመጪው። በክረምት ድልድዩ ያንሸራትታል።»